ከመካኒሳ አቦ እስከ ጊቤ፦ መንገዱን ማን ጠበቀው?



የዚህ ወር ጉዟችን ባሕር የሚያሻግር አይደለም። የምንነሣው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከምትገኘው ከመካኒሳ አቦ ሲሆን የምንደርሰውም ጊቤ ወንዝ ድረስ ብቻ ነው። በጠዋት ለወጣ ሰው በዕለቱ ደርሶ መልስ የሚሆን መንገድ ነው። ነገር ግን ስለዚህ መንገድ በቅጡ ለመነጋገር ዘጠና ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ግድ ስለሚል፣ በትዕግሥት እንድትከተሉን ከወዲሁ እንለምናለን።

መካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። ብሳናን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥላው ደግ፣ አበባው ለንብ የሚስማማ ዛፍ ነው። አቦ የሚለው ደግሞ በአካባቢው ካለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ስም ነው። የዛፉ ስምና የቤተ ክርስቲያኑ ስም በአንድ ሰፈር ላይ ተደርበው የታክሲ ረዳቱ «አቦ! አቦ! መካኒሳ አቦ!» እያለ ሲጣራ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተጋፋ ይሳፈራል። ዛሬ ፎቁና ኮንዶሚኒየሙ፣ አስፋልቱና ሱቁ ሰፈሯን ሞልተዋታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን ከተማው ገና እዚህ አልደረሰም ነበር። መካኒሳ እህል የሚዘራባት፣ ከብት የሚሰማራባት ገጠር ነበረች።

ከሰፈራችን በታች የሚወርደው ወንዝ ትንሹ አቃቂ ይባላል። ከወጨጫ ተራራ ጎን ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በላይኛው በኩል የገፈርሳ ግድብ አለ። ይህ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ እንዲሆን በጣሊያን ጊዜ የተጀመረ፣ ከነጻነት በኋላ የተጠናቀቀ፣ ኋላም ከፍ እንዲል የተደረገ ነው። እንግዲህ መካኒሳ አቦ የቆመ ሰው ከላዩ አንድ ግድብ፣ ከታቹ ሌላ ግድብ፣ በስተምዕራቡ ደግሞ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና አለው። ሦስቱም ስለዚያ ዘመን የሚናገሩት አላቸው።

ወደዚህ ነገር የመራን የተማሪ ጥያቄ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት እያስተማርን ሳለ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ጣሊያን ሌላ አሥር ዓመት ቢቆይ ኖሮ እኮ አገሩ በሙሉ አስፋልት ይሆን ነበር» አለን። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት ግን በልጁ ድፍረት ነበር እንጂ በሐሳቡ አልነበረም፤ ግማሾቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማሙ ነበር። ልጁ ይህን ከየት እንዳመጣው ግልጽ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ መንገድ በተበላሸ ቁጥር የሚባል ነገር ነው። በኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ቅጥያ ይኖረዋል፤ «መንገዱንም መስጊዱንም የሠራው እሱ ነው» ይባላል። ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ደም በአስፋልት ኪሎ ሜትር እየመዘኑ የሚያድጉ ከሆነ፣ መምህርም ወላጅም ዝም ብሎ ሊያልፈው የሚገባ ጉዳይ አይመስለንም። ስለዚህ ለልጁ በቃል ብቻ ከምንመልስለት ብለን፣ በአንድ የበጋ ቅዳሜ ከባልደረቦቻችን ጋር መንገዱን ራሱን ልናይ ተነሣን።

ከመካኒሳ በጀርመን አደባባይ በኩል ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ነው መንገዱ። ሰበታ ድረስ ከተማው አልለቅ ይላል፤ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ፣ እንደገና መጋዘን። ሰበታ ከታለፈ በኋላ ግን የበቾ ሜዳ ይከፈታል። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው የሚበቅልበት፣ ዓይን እስኪታክት የሚዘረጋ ሜዳ! መሬቱ ጥቁር ነው። ገበሬው መረሬ ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ ይለዋል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ለጤፍ መልካም የሆነው ይህ አፈር ለመንገድ የከፋ ጠላት ነው። ከሥሩ አብጦ ይገፋል፣ መልሶም ይሰምጣል። በክረምት የጭነት በቅሎ እንኳ እስከ ጉልበቷ የምትሰምጥበት አገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እናስቀምጥ። ወደ ጅማ የሚሄደው የመኪና መንገድ ሥራ ከጣሊያን መምጣት በፊት በኢትዮጵያ መንግሥት ተጀምሮ ነበር። ጅማ የቡና አገር ናት፤ ቡናው ወደ ባቡር ጣቢያ መድረስ ነበረበት። ከዚያም በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ ዓለም የሚሄድ መንገድ ተሠርቷል፤ በአዋሽ ላይም ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድልድይ ሠርቷል። በጅማም በኩል በአባ ጅፋር ዘመን መንገዶችና የቀረጥ በሮች፣ ማለትም ኬላዎች፣ በሥርዓት ይጠበቁ ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ አብዛኛው በሕዝቡ ነጻ ጉልበት የተሠራ ነው። ድሃው እርሻውን ትቶ ለባላባቱ ድንጋይ ሲሸከም የከፈለው የለም። ያለፈውን ሁሉ ማር ነበር ብለን ለልጆቻችን አናስተምርም። ነገር ግን ጣሊያን ሲመጣ ያገኘው መንገድ የማያውቅ አገር ነበር የሚለው ተረት ከእውነቱ ጋር አይሄድም።

ታዲያ ጣሊያን ምን አደረገ? አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ተያዘች። በሁለት ሳምንቷ፣ ግንቦት 11 ቀን፣ ሙሶሊኒ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የዋና ዋና መንገዶች ዕቅድ አጸደቀ። አዲስ አበባን ከደሴና ከአዲግራት፣ ደሴን ከአሰብ፣ ጎንደርን ከደብረ ታቦር፣ አዲስ አበባን ከጅማ የሚያገናኙ መንገዶች ናቸው። ለመሆኑ ይህን ያህል ምን አስቸኮለው? ካርታውን ዘርግቶ ላየው መልሱ አያስቸግርም። ከተማዎቹ ተያዙ እንጂ አገሩ አልተያዘም ነበር። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም፣ አርበኞች አዲስ አበባን ራሷን ገብተው ተዋግተዋል። ወራሪው ጦር በክረምት ጭቃ ከወደቡ ተቆርጦ ስንቅና ጥይት እንዳያጣ የጭነት መኪና የሚችል መንገድ ያስፈልገው ነበር። ራስ እምሩም ከጅማ ማዶ በጎጀብ ወንዝ ዳር እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ነው። የጅማ መንገድ መጀመሪያ የጦር መንገድ ነው። ቡናውና መንገደኛው በኋላ የተከተሉት ናቸው።

ሥራው ትልቅ ሥራ እንደነበር መካድ አይገባም። በዚህ በበቾ ጥቁር አፈር ላይ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ በእጅ እየተደረደረ፣ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ እየተጠቀጠቀ፣ በላዩ የተፈለጠ ጠጠር እየፈሰሰ፣ በዳምጠው እየተዳመጠ፣ መጨረሻ ላይ ሬንጅ ይለብሳል። ወንዙና ፈፋው ላይ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ድልድይ፣ ውሃ መውረጃው ላይ የድንጋይ ቱቦ ይሠራል። በሰሜን ደግሞ ከጣርማ በር ተራራ ሥር ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ፈልፍለዋል። አሁንም መኪና ያልፍበታል። በአምስቱ ዓመታት ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተሠርቷል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አስፋልት ነበር።

ግን «ጣሊያን ሠራው» ስንል የትኛው ጣሊያን ነው? ሥራው ላይ የነበሩት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ከአገራቸው ድህነት የሸሹ ጣሊያናውያን ሠራተኞች፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ከሱዳንና ከየመን የመጡም ነበሩ። የመረሬውን አፈር የዛቀው፣ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ጠጠሩን የተሸከመው ትከሻ የማን እንደሆነ በድልድዮቹ ራስ ላይ አልተጻፈም። የፋሽስቱ ዓመተ ምሕረት ነው የተቀረጸው። አንድ ነገር ግን በሚዛን መናገር አለብን፤ ጣሊያን ለቀን ሠራተኛ ደሞዝ ይከፍል ነበር። ነጻ ጉልበት ለለመደ ድሃ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰውም በዚሁ ተስቦ ወደ መንገዱ ሥራ ሄዷል። ለጥቁሩ የሚከፈለው ለነጩ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነበር። በሊሬ ሲከፈለውም ገበያው ጠገራ ብሩን ካልሆነ አልቀበልም ይል ነበር። ፈረንሳይ በምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰውን በግዳጅ መንገድ ታሠራ እንደነበር ስናስታውስ፣ የሁሉም ቅኝ ገዢ መንገድ ከሥሩ የተደረደረው ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ቃላቱስ? ፌርማታ፣ ጎማ፣ ሲሚንቶ፣ ፒስታ፣ ካቦ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ መሆኑን አንባቢያን ታውቃላችሁ። አለቅነቱ የማን እንደነበር ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ገባን። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጊዮን እየተባለችም ትጠራለች። ይህ አገር የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ፣ የአባ ቦራ አገር ነው። ደጃዝማች ገረሱ ከዚሁ አካባቢ ተነሥተው በደቡብ ምዕራብ ሸዋና በጅማ በኩል እስከ ነጻነቱ ድረስ ጠላትን እረፍት የነሱ አርበኛ ናቸው። መንገዱ ለጣሊያን ስንቅ እንደሚያመጣለት ሁሉ ለአርበኛውም አድፍጦ የሚጠብቅበትን ቦታ ይሰጠው ነበር። ድልድዩና ኩርባው በዚያ ዘመን በጦር ሰፈርና በምሽግ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

ወሊሶ ላይ ዙሁር ሰግደን ሻይ ስንጠጣ የተማሪያችንን «ቅጥያ» አንሥተን ተወያየን። መስጊዱን በተመለከተ ነገሩ እውነትነት አለው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም ባወጣው የአስተዳደር ሕግ ሙስሊሞች መስጊድ እንዲሠሩ፣ ዐረብኛ እንዲማሩ ፈቅዷል፤ በርካታ መስጊዶችን አሠርቷል፤ የሐጅ ጉዞም ደጉሟል። ቀደም ሲል ብዙ ነገር ለተነፈገው ሙስሊም ይህ የማይሰማው ነገር አልነበረም፤ ያን ጊዜ ደስ ያለውን ሰው ዛሬ ቁጭ ብለን ልንወቅሰው አንችልም። ግን ወደ ሌላው የጣሊያን ቅኝ ግዛት፣ ወደ ሊቢያ፣ ዓይናችንን እናቅና። እዚያም መንገድ ተሠርቷል። ከቱኒዚያ ድንበር እስከ ግብፅ ድንበር በባሕሩ ዳር የሚሄድ፣ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ ነው። ድንጋዩን የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ የሊቢያ ሙስሊሞች ናቸው። ሙሶሊኒ መንገዱን ሊመርቅ በመጋቢት 1929 ዓ.ም ሄደ። በዚያው ጉዞ ትሪፖሊ ውስጥ በፈረስ ላይ ሆኖ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀበለና ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አደረገ! ይህ የሆነው ሸህ ዑመር አል-ሙኽታር በመስከረም 1924 ዓ.ም በሕዝባቸው ፊት ከተሰቀሉ ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ የቂሬናይካ ዘላኖች ከነቤተሰባቸው በካምፖች ታጉረው ካለቁ ብዙም ሳይቆይ ነው። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ከደረሰው እልቂት ደግሞ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በዚያ እልቂት ቤቱ በላዩ የተቃጠለበት ድሃ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። የኛም ሰው ቢሆን መስጊድ ተሠራለት ብሎ ሁሉም ዝም አላለም። በኅዳር 1927 ዓ.ም ወልወል ላይ፣ ኋላም በኦጋዴን የተዋጋው ዑመር ሰመተር ሙስሊም ነበር።

ይህን ለተማሪያችን እንነግረዋለን ተባባልን።

ከወሊሶ በኋላ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ በኋላ መሬቱ እጥፍጥፍ እያለ ወደ ጊቤ ይወርዳል። እንሰቱ ይቀርና ግራሩ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የመኪናው ፍሬን ሽታ አፍንጫ ይሞላል፤ ከጎናችን የተቀመጡት እናትም «ያ ረቢ» እያሉ የፊተኛውን ወንበር ጨብጠው ነበር። ከታች ጊቤ ይታያል፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ የሚባለው ይኸው ወንዝ ነው።

በግንቦት 1933 ዓ.ም መጨረሻ እዚህ በአበልቲ በኩል ውጊያ ተደርጓል። እንደሚታወቀው ንጉሠ ነገሥቱ ከአንድ ወር በፊት አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የጣሊያን ጦር ወደ ጅማ አፈግፍጓል። ሲያፈገፍግ ታዲያ ድልድዮቹን አፍርሶ ማዶ ያለውን ገደል ይዞ ጠበቀ። ያንን ያህል ድንጋይ፣ ያንን ያህል ላብ የፈሰሰበትን ድልድይ! ክረምቱ ገብቶ የሞላውን ወንዝ ተሻግረው ገደሉን ያስለቀቁት በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበሩ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው፤ ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ። ከናይጄሪያዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ጅማም ሰኔ 14 ቀን ተለቀቀች፤ የደጃዝማች ገረሱ አርበኞችም በዚያ ነበሩ። ድልድዩ ለጦር ተሠርቶ ለጦር ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በትምህርት መጽሐፎቻችን ውስጥ ብዙ ቦታ ያልተሰጠው ነው። አገሩ ነጻ ወጣ፤ መንገዱ ግን ጠባቂ አጣ። የፈረሰው ድልድይ በእንጨት ተተካ፤ ቱቦው በደለል ተደፈነ፤ ሬንጁ ተላጠ። መንገድን መኪና ብቻውን አይገድለውም፤ ዋናው ገዳይ ውሃ ነው። ከጎኑ ያለው ቦይ ከተደፈነ ዝናቡ መውረጃ ያጣና በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ከሥር ያለው አፈር ይርሳል፤ ከባድ መኪና ሲረግጠው ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፤ የሚቀጥለው መኪና ያሰፋዋል። አንድ ክረምት አንድ አካፋ ያልነካው ቦይ በሁለተኛው ክረምት ግሬደር ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት በአሥር ዓመት ውስጥ ከጣሊያን የቀረው መንገድ አብዛኛው ተጎሳቆለ። በመስከረም 1943 ዓ.ም የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ አበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራውም የነበረውን መንገድ ከሞት ማስነሣት ነበር።

አውራ ጎዳና! በየአውራጃው ከተማ «አውራ ጎዳና ሰፈር» የሚባል የማያውቅ አለ? ካምፑ፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ፣ ቢጫ ግሬደሩ፣ የጠጠር ክምሩ። ጣሊያኖቹም በአገራቸው ልማድ በየመንገዱ ዳር ቀይ ቀለም የተቀባ የመንገድ ጠባቂ ቤት ይሠሩ ነበር፤ በኛም አገር ሠርተዋል። ጠባቂ የሌለው መንገድ እንደማይኖር እነሱም ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውራ ጎዳናዎቹ ግን የኛው ሰዎች ነበሩ።

ወልቂጤ ስንመለስ በአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን አገኘን። በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው፤ በመንገድ ጥገና ብዙ ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ስለ ጣሊያን መንገድ ልንጠይቃቸው ስንጀምር ሳቅ አሉና፣

«ልጆቼ፣ ጣሊያን የሠራውን መንገድ እኔ አላየሁትም» አሉን።

«እንዴት ሐጂ? እዚሁ በደጅዎ ያልፋል እኮ!»

«እኔ ሥራ ስገባ የጣሊያኑ ድንጋይ ከሥር ነበር። ከላዩ ያለውን ስንት ጊዜ አፍርሰን ሠርተነዋል። ከዚያም ሌሎች አፍርሰው ሠርተውታል። እናንተ የመጣችሁበትን እኔም አላውቀውም።»

ከሁሉም የከበደው ሥራ የቱ እንደነበር ጠየቅናቸው። ድልድይ ወይም ዳገት ይሉናል ብለን ነበር።

«ግንቦት ነው» አሉን። «ግንቦትን የሚያህል የለም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦዩን ሁሉ መጥረግ አለብህ። ቱቦ ውስጥ በደረት ተስበን እንገባለን፤ እባብም ጅብም የሚያድርበት ነው። አንዱን ቱቦ ረስተህ ካለፍክ ውሃው መንገድህን የራሱ መንገድ ያደርገዋል። ጠዋት ስትመጣ የለም!»

ሲናገሩ እጃቸው አካፋ እንደያዘ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር። ስማቸውን የጻፈ ሐውልት የለም። እንቅፋትን ከመንገድ ላይ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች እንደሚቆጠር በመድረሳ በልጅነታችን ተምረነዋል፤ በደረት ተስቦ ቱቦ ውስጥ መግባት እንደሚጨምር ግን አላሰብነውም ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለን። የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለሐጃጆች ከኢራቅ እስከ መካ በሚወስደው መንገድ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሠርታለች፤ ለመካም በቦይ ውሃ አስመጥታለች። እሷ በ216 ዓመተ ሂጅራ አረፈች፤ ዐይን ዙበይዳ የተባለው ውሃዋ ግን ከሺህ ዓመት በላይ መካን አጠጥቷል። ይህ የሆነው ቦዩ ስላልተበላሸ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል፤ ጎርፍ ወስዶታል፣ አሸዋ ደፍኖታል። በየዘመኑ የሚያስጠግነው ግን አልጠፋም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማኑ የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ገንዘብ አውጥታ በሰፊው አሳድሳዋለች። ለመጠገኛ የሚሆን ወቅፍ፣ ማለትም ገቢው ለዚያው ሥራ ብቻ የሚውል ንብረት፣ ይደረግለት ነበር። በኛም አገር በ1989 ዓ.ም ከነዳጅ ሽያጭ እየተቆረጠ ለመንገድ ጥገና ብቻ የሚውል የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ከዚሁ የራቀ አይመስለንም። ለመሥራት የሚያዋጣ ሞልቷል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ለመጥረግ የሚያዋጣ ነው የሚጠፋው።

ወደ መካኒሳችን እንመለስ፤ ቦይ ያለው እዚህም ነውና። በትንሹ አቃቂ ዳርና ዳር ከመካኒሳ እስከ ፉሪና ሳሪስ ድረስ ለብዙ ዓመታት አትክልት ሲመረት ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን የበላ ቤተሰብ ሁሉ ሳያውቀው የዚህን ወንዝ ውሃ ቀምሷል ማለት ይቻላል። አምራቾቹ ወንዙን ጠልፈው በቦይ ያወርዱታል፣ ወይም በሞተር ይስባሉ። ቦዩ አንድ ክንድ የማይሞላ ስፋት ያለው የአፈር ቦይ ነው። መሐንዲስ አልነደፈውም፣ ማንም አልመረቀውም። ተራ አለው፤ የአንዱ መደብ ሲጠጣ የሌላው ይጠብቃል። ጭቃ ሲሞላው ባለ መደቦቹ አካፋ ይዘው ይጠርጉታል። በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላማ አገሮች እንዲህ ያለውን ተራ የሚያስከብር፣ ቦይ የሚያስጠርግ ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። ጉባዔው ይመርጠዋል፤ ቃሉም ይከበራል።

የመካኒሳው ቦይ ችግሩ ጭቃው አይደለም። ወንዙ ከላይ ከተማውን ሁሉ አልፎ ነው የሚመጣው። የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ከሁሉም ይልቅ ቅጠላቸው የሚበላው፣ ሰላጣና ቆስጣ የመሰሉት፣ ይህን መርዝ ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ በማጠብም አይለቅም። የቤት እመቤቶቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው። ገበሬው ቦዩን ንጹሕ አድርጎ ጠርጎታል፤ ወደ ቦዩ የሚገባውን ውሃ ግን እሱ ብቻውን ሊያጠራው አይችልም። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ደግሞ እርሻው ራሱ እየጠበበ ሄዷል።

የመንገዶቻችንም ቦይ እንዲሁ ነው። ከመካኒሳ አቦ ወደ ታች በሚወርደው አስፋልት ጎን የጎርፍ ማስወገጃ ተሠርቷል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ያየነው ቦታ ላይ የፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የጫት ገራባ መጋዘን ሆኗል። ክረምት ሲገባ ውሃው ሱቅ ደጃፍ ይወጣል። ባለ ሱቁ ማዘጋጃ ቤቱን ይረግማል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ጠርጎ በሄደ በሳምንቱ ገራባው ተመልሶ ይገባል።

ለተማሪያችን ሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና፣ «እሺ ቲቸር፣ አሁን ግን የኛን ቦይ ማን ይጥረገው?» አለን። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ጥያቄው ግን ከመጀመሪያው ጥያቄው የተሻለ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አካፋ ካላቸው ቤቶች አካፋ ተሰብስቦ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አስፋልቱ ያለው ቦይ ተጠርጓል። ሰባ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለው አሁንም እንደነበረ ነው።

ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ትንሹ አቃቂም የሚሄደው ወደ አባ ሳሙኤል ነው። አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በቻይናውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። የግድቡን ሆድ ግን ከላይ የወረደው ደለል ሞልቶታል፤ የውሃውንም ፊት እንቦጭ ሸፍኖታል፤ ከኛ ሰፈር የወረደው የፕላስቲክ ጠርሙስም እዚያው እንቦጩ መሀል ተይዞ ቆሟል።